ሽያጭ አለ፣ ብር ግን የለም፦ የንግድዎን ችግር በአንድ ቅጽ መመርመር

ሥራው አለ። ደንበኛው ይመጣል። ወሩ ሲያልቅ ግን ለጤፍ መግዣ ከጎረቤት መበደር ይጀመራል። የእንጀራ ንግዱ ባለቤት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታ ምጣድ የምትጥድ ሰው ናት፤ ስለዚህ ችግሩ ስንፍና አይደለም። ታዲያ ብሩ የት ይገባል?

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ አብዛኛው ሰው ወይ ዋጋ ይጨምራል፣ ወይ ብድር ያፈላልጋል። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ግን በሽታው ሳይታወቅ ነው መድኃኒት የሚገዛው። ለዚህ ነው ቅጽ የምወደው። ብዙዎች ቴምፕሌት የሚሉት ማለቴ ነው፤ ጥያቄዎቹ አስቀድመው የተጻፉበት፣ መልሱ ክፍት የተተወበት ወረቀት። ቅጽ ልናየው የማንፈልገውን ባዶ ቦታ ፊታችን ላይ ያስቀምጣል። በጭንቅላታችን ስናስብ ግን ያንን ቦታ ዘለን እናልፋለን።

እዚህ ላይ አንዲት ለምግብ ቤቶችና ለቤተሰብ እንጀራ የምታቀርብ ነጋዴ ምሳሌ እናድርግ። የምጠቀማቸው የዋጋና የመጠን ቁጥሮች ለማስረጃ ሳይሆን ለማሳያ ናቸው። የእርስዎን ቁጥር እርስዎ ያስገባሉ። ካፌም ቢሆን፣ ስፌት ቤትም ቢሆን፣ አካሄዱ ያው ነው።

የትኛው ቅጽ?

ኢንተርኔት ላይ ቅጽ ሞልቷል። አራት ሣጥን ያለው ስዎት አለ፤ ጥንካሬ፣ ድክመት፣ ዕድልና ስጋት የሚጻፍበት። የስዊዘርላንዱ አሌክሳንደር ኦስተርዋልደር ያስተዋወቀው ዘጠኝ ሣጥን ያለው ቢዝነስ ሞዴል ካንቫስ አለ። የሃርቫርዱ ፕሮፌሰር ማይክል ፖርተር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1979 ያቀረበው የአምስቱ ኃይሎች ትንተናም አለ። ሁሉም ጥሩ ናቸው፤ ግን የሚመልሱት ጥያቄ ይለያያል። ካንቫሱ ገና ያልተጀመረ ሥራን ለማሰብ ይመቻል። የፖርተር ደግሞ ወደ አንድ ገበያ ልግባ ወይስ ይቅር ለሚል ሰው ነው። በእጅዎ ላይ ያለ፣ የሚሠራ፣ ግን የሚያምዎት ንግድ ካለ ከሁለቱም የቀለለ ነገር ይበቃዎታል። ከዚህ በታች የማሳየው ያንን ነው።

ደረጃ 1፦ ወረቀቱን ያስምሩ

አንድ ሉክ ወረቀት ይበቃል። ኤክሴል የለመደ በኤክሴል ይሥራው። በግራ በኩል ከላይ ወደ ታች እነዚህን ስምንት ርዕሶች ይጻፉ፦ ጥያቄው፣ የሥራው ሂደት፣ ገንዘቡ፣ ደንበኛው፣ ውጭ ያለው ነገር፣ ጥንካሬና ድክመት፣ አማራጮች፣ ውሳኔ።

በቀኝ በኩል ሁለት ዓምድ ያስምሩ። አንደኛው «መልስ» ይባል። ሁለተኛው «ከየት አወቅሁት?» ይባል።

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዘው ይሂዱ ብባል ይህን ሁለተኛ ዓምድ እመርጣለሁ። «ምግብ ቤቶች ከሁሉ የተሻሉ ደንበኞቼ ናቸው» ብለው ጻፉ እንበል። ጎኑ ላይ ምን ይሞላል? «ከዱቤ ደብተሩ» ነው? «ከቴሌብር መልእክቶች» ነው? ወይስ «ይመስለኛል»? «ይመስለኛል» ብሎ መጻፍ አያሳፍርም፤ እንዲያውም ሐቀኛ መልስ ነው። ነገር ግን ወረቀቱ ሞልቶ ሲታይ ግማሹ «ይመስለኛል» ከሆነ ገና ምርመራው አልተጀመረም። ዓምዱ ቀጥሎ ምን መቁጠር እንዳለብዎት ይነግርዎታል።

ደረጃ 2፦ ጥያቄውን ይጻፉ

«ንግዴን ማሻሻል እፈልጋለሁ» ምኞት ነው። ለምኞት ቅጽ አይሞላም። ጥሩ ጥያቄ ያዩትን ነገር፣ ከመቼ ጀምሮ እንዳዩት እና መልሱ ሲገኝ የሚወስኑትን ነገር ይይዛል። የእኛ ነጋዴ እንዲህ ብላ ትጽፍ፦

«ከጥር ጀምሮ በቀን 600 እንጀራ እየሸጥኩ ለጤፍ መግዣ የምበደረው ለምንድን ነው? በቀን 100 እንጀራ በዱቤ የጠየቀኝን ስድስተኛ ምግብ ቤት ልቀበል ወይስ ልተው?»

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር እንዳይቀር። ውሳኔ የሌለው ጥያቄ ሃያ ገጽ አስጽፎ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ውሳኔው ሲታወቅ የማያስፈልገው መረጃም ይታወቃል። እዚህ ለምሳሌ የከተማውን የእንጀራ ገበያ መጠን ማጥናት አያስፈልግም። የአምስቱ ምግብ ቤቶች የአከፋፈል ልማድ ግን የግድ ያስፈልጋል።

ደረጃ 3፦ እንጀራውን ይከተሉት

ይህ ደረጃ እግር ይፈልጋል። ወንበር ላይ ተቀምጦ አይሞላም።

ጤፉ ከተገዛበት ሰዓት ብሩ እጅዎ እስከገባበት ሰዓት ድረስ ያለውን መንገድ በቅደም ተከተል ይጻፉ። ጤፍ መግዛት፣ መንፋት፣ ማስፈጨት፣ ማቡካት፣ አብሲት መጣል፣ መጋገር፣ ማቀዝቀዝ፣ ቆጥሮ ማሰር፣ ማድረስ፣ ብር መቀበል። በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ነገር ይጠይቁ። እዚህ ጋ ስንት ሰዓት ይጠበቃል? እዚህ ጋ ምን ይባክናል? ይህን ማን ይመዘግባል?

ከዚያ አንድ ሙሉ ሳምንት ይቁጠሩ። የተጋገረው ስንት ነው? የተሸጠው ስንት ነው? የተቀደደው፣ ያረረው፣ ከምግብ ቤት የተመለሰው፣ ሠራተኛ የበላው፣ ለጎረቤት የተሰጠው ሁሉ ይመዝገብ። መብራት የጠፋበት ሰዓትም ይጻፍ፤ የደረሰ ሊጥ መብራት እስኪመጣ አይጠብቅም፣ ይኮመጥጣል።

ሳምንቱን ሲመርጡ ይጠንቀቁ። የበዓል ሰሞን ያሳስታል። ሰባቱም ቀን ይቆጠር፤ ረቡዕና ዓርብ ከሌላው ቀን ይለያሉና። ካፌ ያለው ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት የማኪያቶ ሽያጭ ከሌላው ወር ጋር ቢወዳደር ንግዱ የወደቀ ይመስላል። ሙስሊም ደንበኛ በሚበዛበት ሰፈርም በረመዳን የቀኑ ሽያጭ ወደ ምሽት ይዞራል።

የቀን አቆጣጠርም ብዙ ሰው ያሳስታል። የዱቤ ደብተሩ በእኛ አቆጣጠር ይጻፋል። የባንክ ወረቀቱ ብዙ ጊዜ በፈረንጅ ነው የሚመጣው። ጥር 1 በአብዛኛው ዓመት ጃንዋሪ 9 ላይ ነው የሚውለው። የጥርን ሽያጭ ከጃንዋሪ የባንክ ወረቀት ጋር ያስተያየ ሰው ከሳምንት በላይ ያፋልሳል። ጳጉሜን ደግሞ 5 ወይም 6 ቀን ብቻ ስለሆነች ወርን ከወር ከማወዳደር በቀን አካፍሎ ማወዳደር ይሻላል።

የእኛ ነጋዴ ሳምንቱን ቆጥራ ሁለት ነገር አገኘች እንበል። አንደኛ፣ በቀን የምትጋግረው 640 ነው፣ ብር የሚከፈልበት ግን 600 ነው። ከአርባው 30 የሚሆነው ከምግብ ቤቶች ይመለሳል፤ 10 ደግሞ ቤት ውስጥ ይቀደዳል። ሁለተኛ፣ አንድ ኩንታል ጤፍ 800 እንጀራ ይወጣዋል። የእርስዎ የምጣድ ስፋትና የሊጥ ውፍረት ሌላ ቁጥር ይሰጣል፤ ከሰው ቁጥር አይዋሱ።

ደረጃ 4፦ ገንዘቡ

ጤፉ ከወፍጮው ጋር በኩንታል 12,000 ብር ከሆነ አንድ እንጀራ 15 ብር ጤፍ በላ ማለት ነው። በወር 26 ቀን ይሠራል። ለምግብ ቤቶች በቀን 400 በ22 ብር፣ ለቤተሰብ 200 በ25 ብር ይሸጣል።

ገቢ፦ 358,800 ብር።
ጤፍ (የተጋገረው 16,640 እንጀራ በሙሉ)፦ 249,600
የአራት ጋጋሪዎች ደመወዝ ከአሠሪው ጡረታ ጋር፦ 24,000
ኪራይ፦ 20,000
ማድረሻ ባጃጅ፦ 12,000
መብራት፦ 7,000
ማሸጊያ፦ 4,000
ልዩ ልዩ፦ 3,000
ጠቅላላ ወጪ፦ 319,600
ትርፍ፦ 39,200

ሦስት ማሳሰቢያ አለኝ። ጤፉ የሚሰላው በተጋገረው ነው፤ በተሸጠው ካሰሉት ብክነቱ ይደበቃል። በቀን የሚጠፋው 40 እንጀራ በወር 15,600 ብር ነው፤ ይህ ብር በአንድም ደረሰኝ ላይ አይታይም። ሁለተኛ፣ ሠራተኛ የሚያስወጣው ደመወዙን ብቻ አይደለም። በግል ድርጅት አሠሪው የደመወዙን 11 በመቶ ለጡረታ ይጨምራል፤ 7 በመቶው ከሠራተኛው ይቆረጣል። ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው። የባለቤቷ ደመወዝ እዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ከካዝናው ለቤት አስቤዛ፣ ለልጅ ትምህርት ቤት፣ ለእድርና ለዕቁብ የሚወጣውም የለም። በወር 15,000 ብር ይሁን እንበል። ቢያሳፍርም ይጻፉት፤ ወረቀቱን የሚያየው እርስዎ ነዎት።

አሁን ትርፍና ብር ይለያዩ። ወሩ ሲጀምር በምግብ ቤቶች እጅ ያለው ዱቤ ስንት ነበር? ሲያልቅስ? በዚህ ወር ዱቤው በ50,000 ብር አድጓል እንበል። ስሌቱ ይህ ነው፦ ትርፍ 39,200፣ ሲቀነስ በዱቤ የቀረው 50,000፣ ሲቀነስ የቤት ወጪ 15,000። ካዝናው በ25,800 ብር ጎድሏል። ንግዱ አትርፏል፣ ባለቤቷ ግን ተበድራለች። ሁለቱም እውነት ናቸው።

የጥያቄው የመጀመሪያ ግማሽ እዚህ ተመለሰ። በደረጃ 2 ላይ ዋጋ ጨምራ ቢሆን ኖሮ ዱቤው በጨመረው ዋጋ ልክ ያድግ ነበር።

ደረጃ 5፦ ደንበኛውን ለሁለት ይክፈሉት

«ደንበኛ» የሚለው ቃል ብዙ ይደብቃል። ምግብ ቤቱና ለቤቷ አምስት እንጀራ የምትገዛው እናት አንድ ሣጥን ውስጥ ሲገቡ ማን እንደሚያተርፍ አይታይም።

ለምግብ ቤት በወር 10,400 እንጀራ ይሄዳል። ከ22 ብሩ ጤፉ ሲነሳ 7 ብር ይቀራል፤ በድምሩ 72,800። ከዚህ ላይ ባጃጁ 12,000 እና የተመለሰው እንጀራ 11,700 ይነሳል። 49,100 ብር ይቀራል። በአንድ እንጀራ 4 ብር ከ72 ሳንቲም ነው።

ለቤተሰብ 5,200 ይሸጣል። ከ25 ብሩ 10 ይቀራል፤ 52,000። የተቀደደው 3,900 እና ማሸጊያው 4,000 ሲነሳ 44,100 ይሆናል። በአንድ እንጀራ 8 ብር ከ48 ሳንቲም ማለት ነው። እሱም በእጅ በእጅ።

ከሽያጩ አንድ ሦስተኛ የሆነው ደንበኛ ኪራይና ደመወዝ ለመክፈል ከሚቀረው ብር ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ያመጣል። ከላይ «ምግብ ቤቶች ከሁሉ የተሻሉ ደንበኞቼ ናቸው» የሚለው መስመር ላይ ይመለሱና ይሰርዙት። መልሱን ያስተካክሉ፤ ጎኑ ላይ «ከቆጠራና ከዱቤ ደብተር» ይጻፉ።

ዱቤ ደብተሩ እጅዎ ላይ ሳለ አንድ ነገር ይጨምሩ። እያንዳንዱ ምግብ ቤት በስንት ቀን እንደሚከፍል ለየብቻ ይጻፉ። በአማካይ አይጻፉ። ብዙ ጊዜ ሦስቱ በሳምንት ይከፍላሉ፣ ሁለቱ ያስቸግራሉ፣ አማካዩ ደግሞ ሁሉንም አንድ ያስመስላል። የጥሬ ገንዘብ ሽያጭ ያልመዘገበ ሰው ከቴሌብርና ከባንክ መልእክቶቹ ብዙውን ማውጣት ይችላል። አንድ ምሽት ይበላል፤ ግን ያዋጣል።

ደረጃ 6፦ ውጭ ያለው ነገር

እዚህ «የኑሮ ውድነት» ብለው ጽፈው እንዳያልፉ። ውጭ ያለው ነገር እርስዎን የሚነካው በየትኛው መስመር እንደሆነና በስንት ብር እንደሆነ ይጻፍ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ለእንጀራ ጋጋሪ ይህ በምን በኩል ይገባል? በማሸጊያ፣ በባጃጅ ነዳጅና መለዋወጫ፣ በኤሌክትሪክ ምጣድ ዕቃ በኩል ይገባል።

ጤፉን ደግሞ እንዲህ ይሞክሩት። ኩንታሉ በ1,000 ብር ቢጨምርስ? በአንድ እንጀራ 1 ብር ከ25 ሳንቲም ነው። በወር 20,800 ብር ይሆናል። ከትርፉ ከግማሽ በላይ ሄደ። አሁን ስጋቱ ቁጥር አለው።

ተፎካካሪን በተመለከተ ሦስት ቅርብ ጋጋሪዎችን ብቻ ይዩ፤ ዋጋቸውን፣ ዱቤ መስጠት አለመስጠታቸውን፣ በስንት ሰዓት እንደሚያደርሱ። ይበቃል።

ደረጃ 7፦ ጥንካሬና ድክመት

ብዙ ሰው ከዚህ ይጀምራል። እኔ ወደ መጨረሻ የገፋሁት መጀመሪያ ላይ ሲሞላ ውዳሴ ስለሚሆን ነው። «ታታሪ ነን፣ ጥራት አለን» ይጻፋል፣ ምንም አይለወጥም። ሕጉ አንድ ይሁን፦ ከላይ ከተጻፈ ቁጥር ጋር ያልተያያዘ መስመር አይግባ። ጥንካሬ፣ 200 የቤተሰብ እንጀራ በእጅ በእጅ። ድክመት፣ በቀን 30 ተመላሽ። አበቃ።

ደረጃ 8፦ አማራጮች

ቢያንስ ሦስት ይሁኑ። አንዱ ሁልጊዜ «እንዳለ መተው» ይሁን፤ መተውም ዋጋ አለውና።

ስድስተኛውን ምግብ ቤት በዱቤ መቀበል፦ በወር 2,600 እንጀራ። በግምት 12,300 ብር ያመጣል። ግን በ30 ቀን የሚከፍል ከሆነ የመጀመሪያው ክፍያ ሳይመጣ 39,000 ብር ጤፍ ከኪስ ይወጣል። ለጤፍ ለምትበደር ሰው ይህ ተጨማሪ ብድር ነው።

ለቤተሰብ የሚሸጠውን በቀን በ60 ማሳደግ፦ በወር 13,200 ብር ገደማ። ስልሳ እንጀራ ከመቶው በለጠ፤ ዱቤም የለበትም። ለዚህ ግን ስልሳውን የሚገዛ ሰው መኖሩ መታወቅ አለበት። ጎኑ ላይ «ይመስለኛል» ነው የሚጻፈው። ሐቁ ይህ ነው። ለሁለት ሳምንት በ20 እንጀራ ጭማሪ መሞከር ይቻላል።

ተመላሹን መቀነስ፦ ለእያንዳንዱ ምግብ ቤት በቀኑ የሚፈልገውን ቁጥር ማታ በስልክ መጠየቅ። የሚመለሰውን ደግሞ ሳይሻግት አድርቆ ድርቆሽ ማድረግ። ወደ ውጭ አገር ለሚሄድ ዘመድ ድርቆሽ የማይቋጥር ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ ገዢ ይገኝለታል።

ዱቤውን በሳምንት መገደብ፦ ለነባሮቹም ለአዲሱም። አንድ ወይም ሁለት ምግብ ቤት ሊሄድ ይችላል። ከመወሰን በፊት የሚያስቸግረው ምግብ ቤት ቢሄድ ስንት ብር እንደሚቀር በደረጃ 5 ቁጥር ያስሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከሚፈራው ያነሰ ነው።

ደረጃ 9፦ ውሳኔው

በሦስት መስመር ይጻፍ፤ ምን፣ ማን፣ እስከ መቼ። «ስድስተኛውን ምግብ ቤት የምቀበለው በየሳምንቱ ቅዳሜ ከከፈለ ብቻ ነው። ማታ ማታ ቁጥር የምትጠይቀው ታላቋ ልጄ ናት። ከሰኞ ጀምሮ በቀን 20 ተጨማሪ እንጀራ ለሰፈር አወጣለሁ።» ከሥሩ ሐሳብዎን የሚያስቀይር ነገር ይጨመር፦ «በሁለት ሳምንት ከሃያው አሥራ አምስቱ ካልተሸጠ አቆማለሁ።» ይህ መስመር ቀድሞ ካልተጻፈ ሰው በየቀኑ «ነገ ይሻላል» እያለ ወሩን ይጨርሳል።

ወረቀቱን አይጣሉት፤ አዲስ ቅጽም አይጀምሩ። በ30ኛው ቀን ያንኑ ሉክ ያውጡና በሌላ ቀለም እስክሪብቶ ከድሮው ቁጥር ጎን አዲሱን ይጻፉ። መጀመሪያ የሚሞላው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ የተመላሹ እንጀራ ቁጥርና በሰው እጅ ያለው ዱቤ።